መንገዱ ከቤቱ ይቅደም፦ በፍጥነት ለሚያድግ ከተማ የ30 ዓመት የማስፋፊያ ፕላን አዘገጃጀት

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመካከለኛ ከተሞች ነው። አዲስ አበባን፣ ናይሮቢንና ሌጎስን የሚያጠናና የሚያማክር ሞልቷል። በየአሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመቱ እጥፍ የሚሆኑት ከተሞች ግን የሚታገሉት በአንድ ፕላነር፣ በሁለት ቀያሽና ሁልጊዜ ጥገና በሚጠብቅ ቶታል ስቴሽን (የመሬት መለኪያ መሣሪያ) ነው። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው ዘዴ በጥቂት ሰውና በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ እንጂ አማካሪ ድርጅት ቀጥሮ የሚያስጠርዙት ባለ ቀለም ጥራዝ አይደለም።

መጠኑን ለማስታወስ ያህል፣ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2012 (እ.ኤ.አ.) 15.2 ሚሊዮን የነበረው የኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪ በ2037 (እ.ኤ.አ.) 42.3 ሚሊዮን እንደሚሆን ተንብዮ ነበር። የዓለም ባንክ ደግሞ እድገቱ ከዚህም ሊፈጥን፣ በዓመት 5.4 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት አሳስቧል። ይህ ሁሉ ሰው በነባር ሰፈሮች ውስጥ ተጠጋግቶ አያልቅም። አብዛኛው የሚያርፈው ዛሬ ጤፍና በቆሎ በሚዘራበት መሬት ላይ ነው።

መንገዱን ከቤቱ ቀድሞ የማስመሩ ዘዴ በኢትዮጵያ የተሞከረው ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። የከተማ ልማት ሚኒስቴር ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ አዳማን፣ ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳንና መቐለን መረጠ። የሥራው አሳቢ ሽሎሞ ኤንጅል የተባሉ የከተማ ማስፋፊያ ተመራማሪ ናቸው። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። ኒው ዮርክ በ1811 (እ.ኤ.አ.) የማንሃተንን ጎዳናዎች እስከ 155ኛው መንገድ ድረስ በካርታ ስታሰምር ሕዝቧ መቶ ሺህ እንኳ አልሞላም ነበር። ባርሴሎናም በ1859 (እ.ኤ.አ.) በኢልዴፎንስ ሰርዳ ፕላን ከአጥሯ ውጭ ያለውን ሜዳ ቀድማ አሰመረች። ሁለቱም ከተሞች የትኛው ቤት የት እንደሚሠራ አልወሰኑም። የወሰኑት መንገዱ የት እንደሚያልፍ ነው።

የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ከተማ ሁሉንም ነገር አስቀድሞ ማቀድ አይችልም፣ አያስፈልገውምም። ቀድሞ በእጁ ማስገባት ያለበት የዋና መንገዶችን ወሰንና ቤት ሊሠራበት የማይገባውን ክፍት መሬት ነው። ሌላው ኋላ ሊታረም ይችላል፤ ውሃ በኋላ ይገባል፣ መብራት በኋላ ይዘረጋል፣ ጭቃው ኮብልስቶን ይሆናል። ቤት የቆመበትን መንገድ ማስመለስ ግን ሰው ማፈናቀል ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በነባር ሰፈሮች ውስጥ መንገድ ለማስፋት ምን ያህል ቤት መነሳት እንዳለበት በግልጽ አሳይቷል።

1. ከተማው ዛሬ የት እንደደረሰ ለኩ

ብዙ ማዘጋጃ ቤት «የከተማችን ስፋት» ብሎ የሚጠቅሰው የአስተዳደር ወሰኑን ነው። ያ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም። የሚፈለገው በቤት፣ በፋብሪካ፣ በመንገድና በተቋም የተያዘው መሬት ነው፤ ካርታ ያለውም የሌለውም፣ ከወሰኑ ውስጥ ያለውም ውጭ ያለውም። ጨረቃ ቤቶችን «ሕገ ወጥ ስለሆኑ» ከልኬቱ የሚያስወጣ ጽሕፈት ቤት ራሱን ያታልላል። በእነዚህ ቤቶች የሚኖረው ሰውም ውሃ ይጠጣል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፣ በመንገድ ይሄዳል።

ለልኬቱ የሚከፈል ነገር የለም። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል 10 ሜትር ድረስ ይለያል፤ በነፃ ይገኛል። ላንድሳት 30 ሜትር ነው፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ብዙ ዓመታት ይሄዳል። ሁለቱንም ነፃ በሆነው የካርታ ሶፍትዌር በኪውጂአይኤስ መክፈት ይቻላል። የሦስት ጊዜ ምስል ውሰዱ፦ የዛሬ፣ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የነበረውን፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበረውን። በእያንዳንዱ ላይ የተገነባውን ዙሪያ አስምሩና ሄክታሩን መዝግቡ። ከተማው በየትኛው አቅጣጫ እየሮጠ እንዳለም ያኔውኑ ይታያችኋል፤ ብዙውን ጊዜ ፕላኑ «የማስፋፊያ አካባቢ» ካለው በተቃራኒ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር ይበልጥ ያስቸግራል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዳማ 220 ሺህ፣ ሐዋሳ 157 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መረጃዎችን አስተያዩ፦ የአንደኛ ክፍል ተመዝጋቢዎችን፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተመዘገቡ ቤተሰቦችን፣ የውሃ ደንበኞችን። የመብራት ቆጣሪ ብቻውን አያስተማምንም፤ በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ከዚያ ጣሪያ ለይቶ በሚያሳይ የጠራ የሳተላይት ምስል ላይ (የ10 ሜትሩ አይበቃም) ጣሪያ ቆጥራችሁ፣ በናሙና በወሰዳችኋቸው ሰፈሮች አማካይ የነዋሪ ብዛት አባዙት። ውጤቶቹ በ15 በመቶ ቢለያዩ አትጨነቁ። ለሠላሳ ዓመት ስሌት ከዚህ በላይ ጥራት አያስፈልግም።

2. የሠላሳ ዓመቱን መሬት አስሉ

ለምን ሠላሳ ዓመት? በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን (የመላ ከተማውን የመሬት አጠቃቀምና ዋና መንገዶች የሚወስነው ፕላን) የሚዘጋጀው ለአሥር ዓመት ነው። አሥር ዓመት ለመንገድ አጭር ነው። ፕላኑ ጸድቆ ወደ ሥራ እስኪገባ ሁለትና ሦስት ዓመት ይሄዳል፤ በቀሪው ጊዜ ከተማው ከፕላኑ ጠርዝ ያልፋል፤ በፕላኑ ጠርዝ ላይ የቆመው መንገድም ከፊቱ ቤት ይገጥመዋል። ሕጉን መጣስ አያስፈልግም። መዋቅራዊ ፕላኑን ለአሥር ዓመት በዝርዝር አዘጋጁ፤ የሠላሳ ዓመቱን የመንገድ መስመሮች ደግሞ አብረው እንዲጸድቁ አድርጉና በእያንዳንዱ ክለሳ ሳይነኩ ይሻገሩ።

ስሌቱ በአንድ ወረቀት ያልቃል። ለምሳሌ 200,000 ሕዝብ ያለውና 2,500 ሄክታር የተገነባ መሬት የያዘ ከተማ እንውሰድ። ጥግግቱ በሄክታር 80 ሰው ነው ማለት ነው። ሕዝቡ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ በሠላሳ ዓመት 4.32 ጊዜ ይባዛል፤ 864,000 ይሆናል። ጥግግቱ እንዳለ ቢቆይ 10,800 ሄክታር ያስፈልገዋል።

ጥግግቱ ግን እንዳለ አይቆይም። ገቢ ሲሻሻል ሰው ሰፊ ቤት ይፈልጋል፣ ፋብሪካና መጋዘን ይመጣል፣ ዩኒቨርሲቲ መቶ ሄክታር ያጥራል። በብዙ የዓለም ከተሞች የተገነባው መሬት ከሕዝቡ ቁጥር ፈጥኖ አድጓል። ጥግግቱ በዓመት 1.5 በመቶ ቢቀንስ በሠላሳ ዓመት በሄክታር ወደ 51 ሰው ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው መሬትም ወደ 16,900 ሄክታር ይጠጋል። ዛሬ ካለው ሰባት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

ይህ ቁጥር ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ሁልጊዜ ጫጫታ ያስነሳል። «የእርሻ መሬት እናጠፋለን ወይ? ለምን ወደ ላይ አንሠራም?» ይባላል። ወደ ላይ መሥራት ጥሩ ነው፤ የሚቻለውን ያህል አበረታቱ። ነገር ግን ፎቅ ለመሥራት አቅም የሌለውን አብዛኛውን ነዋሪ ፎቅ እንደሚሠራ አድርጎ ማስላት ፕላን ሳይሆን ምኞት ነው። መስመር ማስያዝ ደግሞ መሬቱን ከእርሻ ማውጣት አይደለም። የመንገዱ ወሰን ካልሆነ በስተቀር ገበሬው ከተማው እስኪደርስበት ያርሳል። ከተማው ከታሰበው ቀስ ብሎ ቢያድግ የሚቀረው ጉዳት ጥቂት የአፈር መንገዶች ቀድመው መከፈታቸው ነው። ከታሰበው ቢፈጥንና መስመር ባይኖር ግን ጉዳቱ ለመቶ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁን ያዙ።

3. ቤት የማይሠራበትን መሬት መጀመሪያ ለዩ

ካርታው ላይ ከተማው የሚሄድበትን ከመሳላችሁ በፊት የማይሄድበትን አውጡ፦ የወንዝ ዳር፣ ረግረግ፣ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ፣ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ፣ ቁልቁለቱ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ተራራ ገጽ። ሐዋሳ ሐይቁ፣ ባሕር ዳር ጣናና ዓባይ፣ አዳማ ዙሪያዋን የከበቧት ኮረብቶችና ከእነርሱ የሚወርደው ጎርፍ አለባቸው። ጎርፉ ቀድሞ የት እንደተኛ ለማወቅ ከሞዴል በፊት ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከዚያ ሞዴሉን ሥሩ።

እዚህ ላይ የብዙ ፕላነር ደካማ ጎን ይወጣል። በአገራችን የፕላን መመሪያ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይመደብ ይላል። ካርታው ላይ 30 በመቶውን አረንጓዴ ቀለም መቀባት ቀላል ነው። መሬት ላይ ግን ጠባቂ የሌለው አረንጓዴ በሦስት ክረምት ቆርቆሮ ይበቅልበታል። በጣና ዙሪያ ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ዕለት ዕለት የሚያየውና የኔ የሚለው ሰው አለ።

ስለዚህ ጥቂት መርጣችሁ በትክክል ጠብቁ። ለእያንዳንዱ ክፍት መሬት ስሙን፣ ወሰኑንና ባለቤቱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ይኑር። የወንዙ ዳር ለችግኝ ጣቢያ ማኅበር፣ ሜዳው ለወጣቶች እግር ኳስ፣ ኮረብታው ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለእምነት ተቋም በውል ይሰጥ። ውሉ መገንባት የሚከለክል፣ መጠቀም የሚፈቅድ ይሁን። ባለቤት ያልተገኘለትን መሬት «የተጠበቀ» ብላችሁ ካርታ ላይ አታስገቡ።

4. ከጎረቤት ወረዳ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ይህ አሥራ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሄክታር በአብዛኛው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ወሰን ማስፋት የቀያሽ ሥራ መስሎት የገባ ሰው ፖለቲካ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ ያጣመረው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስነስቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። የተቃውሞው መነሻ የመንገድ ስፋት አልነበረም። ገበሬው መሬቱን፣ ወረዳው ሥልጣኑንና ገቢውን፣ ሕዝቡም ማንነቱን እንዳያጣ መፍራቱ ነው፤ የፈራውም ባየው ልምድ ነው።

ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ተግባራዊ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ከመስመሩ በፊት ይደረግ፤ ሰው ያለቀ ካርታ ሲመጣለት ሊያጸድቅ እንጂ ሊመክር እንዳልተጠራ ያውቃል። ወሰኑ የሚሰፋ ከሆነ የገጠር ቀበሌዎቹ አስተዳደር፣ የሥራ ቋንቋ፣ የግብር ገቢና የግብርና አገልግሎት ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። የማይሰፋ ከሆነ ደግሞ አትጣበቁበት። በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል የመንገድ መስመር ብቻ የሚያስከብር ስምምነት ይፈረም፤ መንገዱ እስከተያዘ ድረስ ግብሩን ማን እንደሚሰበስብ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር እንደ መሸንቲ፣ ጢስ ዓባይና ዘጌ ያሉ አነስተኛ ከተሞችን በሥሯ አድርጋ እንደምታስተዳድረው ያለ አደረጃጀት ካለ ነገሩ ይቀልላል፤ የሌለውም ግን በስምምነት መሥራት ይችላል።

5. የዋና መንገዶችን መረብ ስሉ

ከተሞቻችን አብዛኞቹ ያደጉት በአንድ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ነው። ከጎዳናው አንድ ኪሎ ሜትር ገባ ካሉ ባጃጅ የማይገባበት ሰፈር ይገጥማል፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ጎኑ ለመሄድም ወደ ጎዳናው መውጣትና እንደገና መግባት ግድ ነው። መረቡ የሚፈታው ይህን ነው።

መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው። በመንገዶቹ መካከል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሁን፤ ያኔ ማንም ነዋሪ አውቶቡስና ሚኒባስ ከሚያልፍበት መንገድ በቀጥታ ሲለካ ከ500 ሜትር በላይ አይርቅም። ስፋቱ 30 ሜትር ይሁን፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት ረድፍ ተሽከርካሪ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ ዛፍ፣ የጎርፍ ቦይ፣ የውሃና የመብራት መስመር ይይዛል። ሦስተኛው ሁሉም መንገድ ከነባሩ ከተማ ጋርና እርስ በርሱ መገናኘቱ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚያልቅ መንገድ አይሳል።

በምሳሌያችን ከተማ አዲሱ መሬት 14,400 ሄክታር፣ ማለትም 144 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በየኪሎ ሜትሩ በሁለት አቅጣጫ ሲሰመር 288 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ በ30 ሜትር ስፋት 864 ሄክታር ይሆናል። ከአዲሱ መሬት 6 በመቶ መሆኑ ነው። የቀረውን 94 በመቶ ዛሬ ማንም እንዲነካው አያስፈልግም።

መረቡ ማስመሪያ የተደገፈ መምሰል የለበትም። ኮረብታ ሲገጥመው ይዙር፣ ወንዝ የሚሻገርበት ጠባብ ቦታ ይፈለግ፣ መቃብርንና ቤተ እምነትን ዞሮ ይለፍ። መጠማዘዝ ይችላል፤ መቆረጥ ግን አይችልም። ከፍታ የሚያሳይ ካርታ አንጥፋችሁ ውሃ የሚወርድባቸውን መስመሮች መጀመሪያ ተከተሉ፤ ቁልቁል የሚሄደው መንገድ የከተማው ዋና ቦይ እንደሚሆን አትርሱ።

በመንገዶቹ መካከል ያለውን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ባዶ ተዉት። ገበያ እዚህ፣ መኖሪያ እዚያ ብላችሁ ቀለም አትቀቡ። የውስጥ ለውስጥ መንገዱና ሽንሸናው ከተማው ሲደርስ በአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድን ሰፈር ዝርዝር በሚወስነው ፕላን) ይወሰናል።

6. መስመሩን ከገበሬው ማሳ ጋር አስታርቁ

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በአጠቃላይ 6 በመቶ የሆነው መንገድ ለአንድ ሰው 6 በመቶ አይደለም። አራት ማዕዘን የሆነ የግማሽ ሄክታር ማሳ መካከል የሚያልፍ የ30 ሜትር መንገድ ከማሳው ከ40 በመቶ በላይ ይወስዳል። ጎረቤቱ ደግሞ አንዲት ስንዝር ሳትነካበት መሬቱ የመንገድ ዳር ይሆንለታል። ይህን አይቶ የሚጮኸው ገበሬ ልማት የማይገባው ሰው አይደለም፤ ስሌቱ የገባው ሰው ነው።

የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በሁለተኛ ደረጃ በተካሄደባቸው አካባቢዎች እያንዳንዱ ማሳ በመለኪያ የተነሳ ካርታ አለው። ያንን ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ተቀብላችሁ በመንገዱ መስመር ሥር አንጥፉት። ከዚያ መስመሩን ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም መቶ ሜትር እያዛወራችሁ የሁለት ገበሬ ድንበር ላይ አሳርፉት፤ ከአንዱ 15 ከሌላው 15 ሜትር ይሂድ። የአንድ ኪሎ ሜትሩ ርቀት 900 ወይም 1,100 ቢሆን ለከተማው ምንም ለውጥ የለውም። ለገበሬው ግን ማሳው ለሁለት እንዳይቆረጥበት ያደርጋል። ይህን የመሰለ ማስተካከያ ከቢሮ ሆኖ አይሠራም። ካርታውን ይዛችሁ ማሳው ዳር ሄዳችሁ ከሰዎቹ ጋር ቆሙ፤ ጎተራው የት ነው፣ ምንጩ የማን ነው፣ ከብቱ በየት ይወርዳል የሚለው እዚያው ይታወቃል።

ካሳውን በተመለከተ መነሻችሁ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከነማሻሻያውና ከክልላችሁ መመሪያ ጋር ነው። መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዋጁ ይደነግጋል። በቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ይባዛ ነበር። ለግምት ያህል በሄክታር የዓመት ገቢ 60,000 ብር ብንል፣ የአንድ ሄክታር ካሳ 900,000 ብር፣ የ864ቱ ሄክታር 778 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። በሠላሳ ዓመት ተከፋፍሎ እንኳ ለመካከለኛ ከተማ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ በየተራ ይከፈል፦ መጀመሪያ ከተማው በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሚደርስበት ቀለበት፣ ከዚያ የሚቀጥለው።

ካሳ ያልተከፈለበት መንገድ በካርታ ላይ ቢኖርም በእጃችሁ የለም። ለምን እንደሆነ ለማየት በከተማ ዳር የሚኖር ገበሬ የሚያደርገውን ስሌት አስቡ። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ መሸጥ አይችልም። አንድ ቀን ከተማው መጥቶ እንደሚያነሳው ሰምቷል፤ መቼ እንደሆነና ስንት እንደሚያገኝ ግን አያውቅም። በዚህ መሐል ደላላ ይመጣል። ቦታውን ሁለት መቶ ሁለት መቶ ካሬ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ሽያጩ በብድር ወይም በስጦታ ውል ይሸፈናል፣ ገንዘቡ ዛሬ ይቆጠራል። ጨረቃ ቤት የሚበቅለው በዚህ መንገድ ነው። ገበሬውን የሚያቻኩለው ፕላኑ ሳይሆን የቀኑ አለመታወቅ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባለ ይዞታ የሚሰጥ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት አዘጋጁ፦ መንገዱ ከማሳህ ይህን ያህል ካሬ ይወስዳል፣ ካሳው በዚህ ዙር ይከፈላል፣ የቀረውን መሬት ቢያንስ እስከዚህ ዓመት ድረስ ታርሳለህ፣ ልጆችህ ምትክ ቦታ የማግኘት መብታቸው ይህ ነው። ከዚያ የተባለውን ቀን አክብሩ። አንድ ዙር ካዘገያችሁ ደላላው ይመለሳል።

7. አጽድቁ፣ መዝግቡ፣ ችካል ትከሉ

አዋጁ የሚጠይቀውን የሕዝብ ውይይት አድርጋችሁ መስመሩን በምክር ቤት አጸድቁ። ከምክር ቤቱ ውሳኔ ይበልጥ ዕለታዊ ኃይል ያለው ግን ምዝገባው ነው። የእያንዳንዱ መንገድ የወሰን ነጥብ መጋጠሚያ ቁጥሩ ካርታ በሚያትመው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ፤ በመስመሩ ላይ የሊዝ ጨረታም፣ የማኅበር ቦታም፣ የኢንቨስትመንት ቦታም እንዳይሰጥ። መንገድ ከሚዘጉት አንዱ የራሱ የማዘጋጃ ቤቱ ካርታ መሆኑን ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ችካል የሚተከለውና ግሬደር የሚገባው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ምርት ተሰብስቧል፣ የሰብል ካሳ አይኖርም፣ መሬቱም ደረቅ ነው። የእንጨት ችካል ማገዶ ይሆናልና ኮንክሪት ትከሉ። በሁለቱም ጠርዝ ቦይ ቅደዱ፤ ሰው በካርታ የተሰመረን መስመር አያይም፣ ቦይ ግን ያያል። ክረምት ሲገባ በቦዩ ዳር ዛፍ ይተከል። የመጀመሪያው ዓመት መንገድ ይኸው ነው፦ የተደለደለ አፈር፣ ሁለት ቦይና ሁለት ረድፍ ዛፍ። አስፋልቱ ሃያ ዓመት ቢዘገይም መንገዱ መንገድ ነው።

የትኛው ይቅደም? ከተማውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው አውራ ጎዳና ጋር ትይዩ የሆነውና ነባር መውጫዎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ይቅደም፤ ዛሬውኑ ትራፊክ ያቃልላል፣ ነጋዴውም ይደግፈዋል። ወደ ሩቅ ሜዳ የሚወስደውን በጀት ሲኖር ትደርሱበታላችሁ።

መሬት ቀድሞ ማዘጋጀት ፍሬው የሚታይ መሆኑን ታንዛኒያ ታሳያለች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰባት ከተሞች፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ፣ መንገድና ውሃ ብቻ ገብቶላቸው የተሸነሸኑ ባዶ ቦታዎች ለነዋሪዎች ተሰጥተው ነበር። ቤቱን እያንዳንዱ ሰው ራሱ ሠራ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሲጠኑ እነዚያ ሰፈሮች ሰው ከሰፈረባቸው በኋላ መንገድና ውሃ ከገባላቸው ሰፈሮች ይልቅ የተሻለ ቤትና የተስተካከለ አቀማመጥ ይዘው ተገኝተዋል።

8. ጠብቁ

አንድ ሰው ይመደብ፤ ሥራውም ይህ ብቻ ይሁን። በየሦስት ወሩ አዲስ የሴንቲኔል ምስል አውርዶ በመስመሩ ላይ ያስቀምጥ፣ አጠራጣሪ ነገር ያየበትን ቦታ በሞተር ሄዶ ይመልከት፣ ለከንቲባውም ከያዝነው መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር አሁንም ክፍት እንደሆነና የት እንደተነካ በአንድ ገጽ ያቅርብ። መሠረት ሲቆፈር የደረሰ ተቆጣጣሪ በንግግር ይጨርሰዋል። ቆርቆሮ ከለበሰ፣ ሕፃን ከተወለደበት በኋላ ዶዘር ይዞ መሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ጭካኔም አለበት።

መስመሩ ላይ ቤት ቀድሞ ካለስ? ጥቂት ከሆኑና ጎናቸው ክፍት ከሆነ መንገዱን አዙሩ። ዙሪያው ሁሉ ከተሞላ መንገዱን ከ30 ወደ 20 ሜትር ማጥበብ ከማፍረስ ይሻላል። ማፍረስ የሚቀረው መንገዱ ሌላ መተላለፊያ በሌለው ድልድይ ወይም ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ሲሆን ነው፤ ያኔም ምትክ ቦታው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት መሰጠት አለበት።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አቅም የሌለው ጽሕፈት ቤት ከሳተላይት ልኬቱና ከወረቀት ስሌቱ ይጀምር፤ የሁለት ባለሙያ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። ከዚያ ከተማው በፍጥነት በሚሮጥበት አቅጣጫ ሦስት መስመሮችን ብቻ ይምረጥ፦ ሁለት ወደ ውጭ የሚወጡ፣ አንድ እነርሱን የሚያገናኝ። የእነዚህን ካሳ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ያስይዝ፣ ማሳዎቹን እስከ ታኅሣሥ ለክቶ ይጨርስ፣ በጥር ካሳውን ይክፈል፣ በየካቲት ግሬደሩን ያስገባ። አራተኛውን መስመር መፈለግ የሚጀምረው ሦስቱ ቦይ ከተቀደደላቸው በኋላ ነው።